ሐናን ያስለቀሳት ምን ነበር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 የሐናን ታሪክ እናገኛለን። ሐና ልጅ አልነበራትም። ልጆች የነበሯት ፍናና ግን ቤተሰቡ ለመስገድ ወደ ሴሎ በወጣ ቁጥር ታበሳጫት ነበር። ይህም በየዓመቱ ይደገም ነበር እንጂ የአንድ ቀን ጠብ አልነበረም። ሐናም ታለቅስ፣ እህልም አትቀምስ ነበር።

ይህ ነገር ዛሬም በትምህርት ቤት አለ። አንዱን በድህነቱ፣ ሌላውን በአነጋገሩ ቅጽል ስም አውጥተን እንስቅበታለን፤ «ቀልድ ነው» እንላለን። ነገሩን ለብዙ ዓመታት ያጠናው የሥነ ልቦና ሊቅ ዳን ኦልቬውስ ግን ጥቃትን ከቀልድ የሚለዩ ምልክቶችን አስረድቷል፤ ሆን ተብሎ መደረጉ፣ መደጋገሙና ተጠቂው ራሱን ለመከላከል አቅም ማጣቱ ናቸው። እርሱ በሠራባት በኖርዌይ፣ በ1983 እ.ኤ.አ. ይህን ክፉ ልማድ ለማስቆም በመላ አገሪቱ ዘመቻ ተደርጓል።

የሐና ኀዘን አልታወቀላትም። ካህኑ ዔሊ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ባለመሰማቱ የሰከረች መሰለው። እኛም ዝም ያለውን «ኩሩ»፣ ከትምህርት የቀረውን «ሰነፍ»፣ ቶሎ የሚቆጣውን «ጠባየ ክፉ» እንላለን። ጠባይ ያልነው ግን ቁስል ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላትና ከሰው መሸሽ የተጎዳ አእምሮ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ዔሊ በግምቱ አልጸናም፤ ስትነግረው ሰማት፣ በሰላምም አሰናበታት። ልብ እንበል! ሐና ያን ጊዜ ገና አልፀነሰችም፤ ሆኖም እህል ቀመሰች፣ ፊቷም በራ። ኀዘኗን በእግዚአብሔር ፊት ማፍሰሷና የሚሰማት ሰው ማግኘቷ አበረታት።

ስለዚህ ሌሎች ሲያሾፉ አብረን አንሳቅ። ብቻውን ከሚቀመጠው አጠገብ እንቀመጥ። የተበደለም ለወላጁ፣ ለመምህሩ ወይም ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ይህ ሐሜት አይደለም። «መሞት ይሻለኛል» የሚል ጓደኛ ቢኖረን ምሥጢር ብለን አንደብቅ፤ ብቻውን ሳንተወው ወዲያውኑ ለታላላቆች እናስታውቅ፤ ሐኪም ዘንድም ይወሰድ። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

ፍናና ሐናን ያስለቀሰችው ለስግደት በሚወጣበት ጊዜ እንደ ነበረ አንርሳ። ከመካከላችን ባልንጀራውን የሚያስለቅስ ቢኖር፣ ለመዝሙር ከመቆሙ አስቀድሞ ሄዶ ይታረቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።