ስለ ሙታን ፈቃድ

የሚጠብቀው ሰው የሌለውን መቃብር እየዞሩ ማየት፥ ፎቶግራፍም ማንሣት ይገባልን? ይህን ጥያቄ ያቀረቡልኝ በማንቡክ ያስተማርኋቸው፥ ዛሬ ግን ስልክ በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ ወጣቶች ናቸው። የጠየቁበትም ምክንያት ከደጃችን ያለ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፥ ከከምባታ፥ ከሐዲያና ከሌላም አገር ብዙ ሺህ ሰዎች በመንግሥት ትእዛዝ ወደ በለስ ሸለቆ መጥተው በፓዊ ቆላ ሰፈሩ። ወባውና ድካሙ ብዙዎችን ቀጠፈ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከተረፉት ብዙዎቹ ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ ሙታናቸው ግን እዚሁ ቀሩ። ከሣሩ መካከል አንዳንድ ቦታ ብቅ የሚለው የድንጋይ ክምር የእነርሱ ነው።

አንዳንዶቹ ወጣቶች «ሙት አያይም፥ አይሰማም፤ ታዲያ በፎቶግራፍ ምን ይጐዳል?» ይላሉ። ነገሩ የብልህ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሰው በሌለበት ስሙ ቢጠፋ፥ ሐሜቱም ከጆሮው ከቶ ባይደርስ፥ አልተበደለም እንላለንን? በደል በደል የሚሆነው ተበዳዩ ስለ ሰማ አይደለም። ደግሞም መቃብር ጠባቂ ስለ ሌለው ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ ዛሬ በደሴ ወይም በሆሳዕና ያለች አሮጊት እናት ልትሆን ትችላለች።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ በሞቱ ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ሬሳቸውን ሣለ። ከራሳቸው የተቈረጠው ጸጉርም በሠዓሊው ቤተሰብ እጅ ቆይቶ ወደ ለንደን የጦር ሠራዊት ሙዚየም ገባ፤ ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ማየት ሌላ፥ መውሰድ ሌላ ነው። ቢሆንም ማየት ሁሉ ንጹሕ ነው አልልም፤ የተሸነፈን ንጉሥ ፊት አሸናፊው ሲሥለው የሟቹን ፈቃድ ማን ጠየቀ?

በሌላ ወገን ደግሞ በሶዶ፥ በጢያ ትክል ድንጋዮች ሥር አጥኚዎች ቈፍረው፥ የተቀበሩት በአብዛኛው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆናቸው ወጣቶች መሆናቸውን ተረዱ። ይህን ዕውቀት አልነቅፍም። የራስ ቅል በእጁ ይዞ እየሳቀ ፎቶግራፍ የሚነሣው ግን የሚማረው ምንም ነገር የለም። ጎርፍ ያወጣው ዐፅም ቢያጋጥማችሁ አስቀድማችሁ አፈር አልብሱት።

ፈቃዱን ከማን እንጠይቅ? አብርሃም ሣራ በሞተችበት ጊዜ በኬጢ ልጆች አገር እንግዳ ነበረ፤ የምድሩን ሰዎች ቆሞ ለምኖ ዋሻውን በ400 ሰቅል ብር ገዛ። የበለስ ሰፋሪዎችም በጉሙዝ ምድር እንግዶች ነበሩ። ስለዚህ ዘመድ ባይገኝ የጉሙዝ ሽማግሌዎች ይጠየቁ። ይህ ለጨዋነት ብቻ አይደለም። በቅርብ ዓመታት በመተከል ብዙ ደም መፍሰሱን ታውቃላችሁ፤ ሳይጠይቅ በመቃብር መካከል የሚዞር ሰው መሬት ሊካፈል የመጣ ይመስላል።

ፈቃድ ከተገኘም በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። በኮንሶ ለጀግኖች መቃብር የሚቆሙ ዋካ የሚባሉ የእንጨት ሐውልቶች ብዙዎቹ ተሰርቀው ለባዕዳን ተሸጠዋል። ፎቶግራፍ ከነቦታው ስም ለሁሉ ሲበተን ለሌባ መንገድ መሪ ይሆናል። በእኛ ቆላ መቃብሮች ላይ የሚሸጥ ነገር የለም ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ዘመድና ሌባ ግን አንዱን ፎቶግራፍ እኩል ያዩታል። ስለዚህ ቦታውን ለዘመድ ብቻ መንገር ይሻላል እላለሁ።

ከተማሪዎቼ አንዱ እንዲህ አደረገ። ሽማግሌዎቹን አስፈቅዶ አንድ የድንጋይ ክምርና በአጠገቡ ያለውን ሾላ አነሣ፤ ፎቶግራፉንም ልጅዋን በዚያ ቀብራ ወደ ወሎ ለተመለሰች ሴት ላከላት። ክምሩ የልጅዋ ይሁን የሌላ ሰው፥ ማንም ሊያረጋግጥላት አይችልም። ሾላውን ግን አወቀችው።