ሐሰተኛውን ወሬ የሚቀበል ጆሮ

ምንባብ፦ ኦሪት ዘጸአት 23፥1-2



ስምንተኛውን ትእዛዝ ከልጅነታችን ጀምረን በካቴኪዝም ትምህርታችን በቃል አጥንተነዋል። በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከር የአንደበት ኃጢአት መሆኑን ማንም አይክድም። ዛሬ ያነበብነው ክፍል ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል፤ ሐሰተኛውን ወሬ የሚያወራውን ብቻ ሳይሆን የሚቀበለውንም ይከለክላል። ቀጥሎ ስለ እጅ ይናገራል፤ ለዐመፅ ምስክርነት ከበደለኛ ጋር እንዳናነሣው። ደግሞም ብዙ ሰው ወደ ክፉ ነገር ሲሄድ አብረን እንዳንሄድ ያስጠነቅቀናል። ጆሮ፣ እጅ፣ ብዙ ሰው። ይህ ሕግ በተሰጠ ጊዜ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም አልነበረም፤ ዳሩ ግን የእነርሱ ሥራ ሁሉ በእነዚህ በሦስቱ መካከል ነው።

መሣሪያውን ልንወቅስ አልተነሣንም። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በአዲስ አበባ ያቆመው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ከየካቲት 1955 ዓ.ም. ጀምሮ 14 ዓመት ያህል ቃለ እግዚአብሔርን አሰምቶናል፤ ከስብከቱም ሰዓት የሚበዛውን ለጤና፣ ለትምህርትና ለዜና ይሰጥ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ምሰሶው ያው ነበረ፤ ማሰራጫውም ያው ነበረ። የተለወጠው በማይክሮፎኑ ፊት የሚነገረው ነው። ብረት ሃይማኖት የለውም።

ይህ ነገር እስከ ምን ድረስ እንደሚያደርስ ለማየት ወደ ሩዋንዳ እንመልከት። በሐምሌ 1985 ዓ.ም. በዚያ አገር ኤር ቴ ኤል ኤም የሚባል ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ሕዝቡን የሳበው አስቀድሞ በዘፈንና በቀልድ ነበር፤ ወጣቶች የሚወዱትን ሙዚቃ ያሰማ ነበር፤ ተናጋሪዎቹም እንደ ጎረቤት ይጫወቱ ነበር። ሳቅ በሩን ከከፈተ በኋላ ሌላው ነገር ተከትሎ ገባ። ጣቢያው የቱትሲን ወገን በረሮ እያለ ይጠራ ጀመር። የሰማው ሁሉ በዚያ ቀን ገዳይ አልሆነም፤ በልቡ የተጸየፈውም ይኖራል። ነገር ግን ሬዲዮውን አልዘጋውም፤ አለመዝጋቱንም ጎረቤቱ ሰማ። በመጋቢት 1986 ዓ.ም. መጨረሻ እልቂቱ በተጀመረ ጊዜ ጣቢያው የሰዎችን ስምና የተሸሸጉበትን ስፍራ፣ የመኪናቸውንም ቁጥር ሳይቀር ይናገር ነበር፤ በየኬላው ገጀራ ይዘው የቆሙትም ያዳምጡት ነበር። በ100 ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ከ500,000 የሚበልጡ ሰዎች ተገደሉ።

ሬዲዮ ብቻውን ገደለ አንልም፤ ትእዛዝ የሰጡና መሣሪያ ያከፋፈሉ ባለሥልጣኖች ነበሩ። ሆኖም በአሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ1996 ዓ.ም. ከጣቢያው መሥራቾች በአንዱ ላይ ፈረደ፤ በ2000 ዓ.ም. በይግባኝ ሲታይም ሕዝብን ለዘር ማጥፋት በማነሣሣት ጥፋተኛነቱ ጸናበት። እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀን ግን ሌላ ነው፤ ከዚያ አገር ሕዝብ የሚበዛው የተጠመቀ ክርስቲያን ነበረ። እሑድ ስብከት የሚሰማው ጆሮና ሰኞ ሬዲዮ የሚሰማው ጆሮ አንድ ጆሮ ነው።

ከ10 ዓመት በኋላ በዚያው በሩዋንዳ ሙሴኬዌያ የተባለ ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ተጀመረ፤ ትርጓሜውም አዲስ ንጋት ማለት ነው፤ ስለ ተጣሉ ሁለት መንደሮችና ስለ እርቅ ይተርካል። አንዲት አሜሪካዊት ተመራማሪ ለአንዳንዱ መንደር ይህን፣ ለሌላው ስለ ጤና የሚናገር ድራማ እያሰማች አንድ ዓመት ተከታተለች። ያገኘችው ነገር እኛን ሰባኪዎችን ትሕትና የሚያስተምር ነው። የሰሚዎቹ የግል እምነት እምብዛም አልተለወጠም፤ የተለወጠው «በእኛ ዘንድ ምን ይደረጋል? ምንስ ነውር ነው?» የሚለው አሳባቸውና ጠባያቸው ነበር። በመጨረሻም ለየመንደሩ አንድ ቴፕ ከነባትሪው ተሰጠ። የጤናውን ድራማ የሰሙት ሹሙ ይያዘው ብለው ወዲያው ተስማሙ፤ የእርቁን የሰሙት ግን የሁላችን ነው፣ በአንድነት እንጠብቀው እያሉ ተከራከሩ። ስለ አንድ ቴፕ መከራከር ትንሽ ነገር ይመስላል። ጎረቤት በሹም ትእዛዝ ጎረቤቱን በገደለበት አገር ግን በሹም ፊት ሌላ አሳብ አለን ማለት ትንሽ አይደለም።

በቤታችን ያለውም ነገር እንዲሁ ነው። ቴሌቪዥኑም ሆነ በኪሳችን ያለው ስልክ «ባልንጀራህን ጥላ» ብሎ አይጀምርም፤ «ሁሉም እንዲህ ይላል» ብሎ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ነውሩ ነውር መሆኑ ይቀራል። አባት በእራት ሰዓት በሌላው ነገድ ላይ የተነገረውን ስድብ ሰምቶ ፈገግ ሲል፣ ልጁ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ የአባቱን ፊት ያያል። ስለ እጅም እንናገር። አባቶቻችን ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላሉ፤ እኛ ግን መላ ሳንጨምርበት ለ50 ሰው እንልከዋለን። የተቃጠለ ቤት ወይም የሞተ ሰው ፎቶግራፍ ይደርሰናል፤ የት አገር፣ በየትኛው ዓመት የተነሣ እንደ ሆነ ሳንጠይቅ «እነ እገሌ ያደረጉት ነው» ብለን እናስተላልፋለን። ከዚያም እሑድ ጧት ወደ ቅዱስ ቁርባን እንቀርባለን። ይህን የምንጽፈው እኛም ከዚህ ንጹሖች አይደለንም።

ጌታችን ራሱ ሐሰተኞች ምስክሮች ቆመውበታል፤ ሕዝቡም ብዙ ሆኖ ይሰቀል ብሎ ጮኾበታል። ያንን ጩኸት በሕማማት ሳምንት ሲነበብ ስንሰማ የራሳችንን ድምፅ በውስጡ እናውቀዋለን። እርሱ ግን በመስቀል ላይ ሳለ ስለ በደሉት ማለደ፤ በጆሮአችንና በእጃችን የሠራነውንም ኃጢአት ተሸከመ። ስለዚህ ሳንሸሽግ እንናዘዝ፤ ስርየቱ እውነተኛ ነውና።

ስርየት ያገኘው ዘኬዎስ የወሰደውን ሊመልስ ተነሣ። የባልንጀራን ስም መውሰድም ገንዘቡን ከመውሰድ አያንስም። እንግዲህ ሐሰቱን የላክንበትን ስልክ ዛሬ ማታ እንክፈተው፤ ለዚያው ለላክንላቸው ሰዎች «ያ ነገር እውነት አልነበረም፤ ሳልመረምር ላክሁት፤ ይቅር በሉኝ» ብለን እንጻፍ። አንዳንዱ ይስቅብን ይሆናል፤ አንዳንዱም «አንተ ከማን ወገን ነህ?» ይለናል። የሚበዙት ዝም ይላሉ። ዝም ካሉትም መካከል ያንኑ ወሬ ለሌላ ሊያስተላልፍ ስልኩን በእጁ ይዞ የተቀመጠ አንድ ሰው ይኖር ይሆናል።