ስሙም አማና ነው



ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አንድ ወንድም ሰው እስኪበተን ድረስ መስጂዱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እሱና ባለቤቱ ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። አሁን አንድ ሕፃን ወስደው ለማሳደግ ወስነዋል። የሕፃን አልጋ ተገዝቷል፣ ሌላ ሰፈር ቤት ተፈልጓል። «ሰፈር መቀየር ለምን አስፈለገ?» አልኩት። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኡስታዝ፣ እንዳልወለድነው ማንም እንዳያውቅ ነው፤ ልጁም ጭምር። በኔ ስም ቢጠራ ምን አለበት? ለሱ ብለን እኮ ነው» አለኝ።

ይቺ «ለሱ ብለን እኮ ነው» የምትለው ቃል ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣችም። ይህን ሰው ክፉ ሐሳብ አላመጣውም፤ ፍቅር ነው ያመጣው። ግን ፍቅርም ቢሆን የሌላ ሰው ሐቅ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ልጅ ወስዶ ለማሳደግ ለምታስቡ ሁሉ አንድ ጥያቄ ላስቀድም፦ ይህን ልጅ የምትወስዱት ለማን ነው? ልጅ ላጣው ቤታችሁ ነው ወይስ ቤት ላጣው ልጅ? ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሐራምም አይደለም። ሁለቱ የተጋጩ ዕለት ግን የትኛው እንደሚቀድም ከአሁኑ ወስኑ።

የሥራው ታላቅነት አያጠያይቅም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አመልካችና መሐል ጣታቸውን አሳይተው፣ የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ለእሳቸው በዚህ ልክ ቅርብ እንደሚሆን ነግረውናል። እሳቸውም የቲም ነበሩ። አባታቸውን ሳያዩ ተወለዱ፣ እናታቸውን በልጅነታቸው አጡ፣ በአያታቸው በዐብዱልሙጦሊብ፣ ከዚያም በአጎታቸው በአቡ ጧሊብ ቤት አደጉ። ስማቸው ግን ምንጊዜም ሙሐመድ ኢብኑ ዐብዲላህ ነው። በአገራችንም ለውጭ ዜጎች የሚሰጠው ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም በሕግ ከተዘጋ ወዲህ፣ ወላጅ ያጡ ልጆች የሚያዩት የእኛኑ ደጅ ነው።

ሸሪዓችን ለዚህ ሥራ ያለው ስም ከፋላ ነው፤ ኃላፊነት ወስዶ ማሳደግ። ቃሉ በቁርኣን የመጣው በመርየም (ዐ.ሰ) ታሪክ ነው፤ አላህ ለዘከሪያ (ዐ.ሰ) አደራ ሰጣት። ልብ በሉ! ዘከሪያ በዚያን ጊዜ ልጅ ያልነበራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ልጅ የመናፈቅን ነገር ከእሳቸው በላይ ማን ያውቀዋል? መርየም ግን በቤታቸው ጥላ ሥር አድጋም የዒምራን ልጅ ናት፤ ቁርኣንም የሚጠራት እንዲሁ ነው። ዘከሪያ አሳደጓት እንጂ ከአባቷ አልወሰዷትም።

የዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ (ረ.ዐ) ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ልብ ይነካል። በልጅነቱ ተማርኮ በባርነት ተሸጠ፤ በመጨረሻም ነብዩ ዘንድ ደረሰ። አባቱና አጎቱ ፈልገው መካ መጡ። ምርጫው ለእሱ ሲሰጠው ከነብዩ ጋር መቅረትን መረጠ። እሳቸውም በሰው ፊት ልጄ ነው አሉ፤ ሰውም ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ ይለው ጀመር። በኋላ የአሕዛብ ሱራ ወርዶ፣ ልጆች በወለዷቸው አባቶች ስም እንዲጠሩ፣ አባታቸው ካልታወቀም በዲን ወንድሞቻችን መሆናቸውን አላህ ሲያዝ፣ ዘይድ ወደ አባቱ ስም ተመለሰ። አስቡት፤ «የሙሐመድ ልጅ» የሚባል ክብር ለአላህ ትእዛዝ ብሎ መተው! ፍቅሩስ ተነሳ? በፍጹም። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ እስኪሆን ድረስ ነብዩ ጦር አስመርተው የሚልኩት ሰው ነበር፤ ልጁ ኡሳማም በሶሓቦች ዘንድ የታወቀው የተወዳጁ ልጅ ተወዳጅ በመባል ነው። ከሶሓቦችም ስሙ በቁርኣን ተጠቅሶ በሶላት የሚቀራው የዘይድ ብቻ ነው። ስሙ ሲመለስ ከፍቅሩ ምንም አልጎደለም።

ይህ ነገር በእኛ አገር ይበልጥ ይከብዳል። ምክንያቱም የእኛ ሁለተኛ ስም የዘር ስም ሳይሆን የአባት ስም ነው። «የአባትህ ስም ማነው?» ሲባል መልሱ ምስክርነት ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ተመዝግቦ በእናንተ ስም በተጠራ ቁጥር፣ ሳያውቀው ያልሆነ ነገር እየመሰከረ ነው። ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል እንኳ ከኦሮምኛ ስንወስደው ሥሩ ማሳደግ ነው። ማሳደግን ማሳደግ ብሎ መጥራት ምን ያሳፍራል?

«ኡስታዝ፣ ልጆች ያሾፉበታል፤ ጎረቤት ይጠቋቆምበታል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ያማል። ሰው ምላሱን እንደማይሰበስብ አውቃለሁ። ነገር ግን ሌላኛውንም ሕመም አይቻለሁ። አንዲት እህት አባቷ በሞቱ በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ የውርስ ነገር ሲነሳ እንዳልወለዷት ከአጎቷ አፍ ሰማች። «ባይወልዱኝ ምንም አልነበረም፤ እንዳይነግሩኝ ምን አድርጌያቸው ነበር?» እያለች ስታለቅስ መልስ አጣሁ። በአንድ ቀን ሁለት አባት ቀበረች። በልጅነቱ በቀስታ የተነገረው ልጅ ከእውነቱ ጋር ያድጋል፤ በጎልማሳነቱ የሚደርስበት ግን ከእውነቱ በላይ መደበቁ ይሰብረዋል።

እንግዲህ ዝግጅቱ ከአልጋው በፊት ይጀምር። እነዚህን ነገሮች ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

የመሕረምን ነገር አስቀድሙ። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ካልሞላው የጡት ዝምድና በር ክፍት ነው። ሴት ከሆነች የባል እህት፣ ወንድ ከሆነ የሚስት እህት ብታጠባ፣ ልጁ አድጎም በቤቱ እንደ ሥጋ ዘመድ ይኖራል። በሻፊዒይ መዝሀብ ቢያንስ አምስት የተለያየ ጊዜ መጥባት ያስፈልጋል። ይህ ቀን ካለፈ የማይመለስ ስለሆነ ለነገ አትበሉት።

የንብረትን ነገር በጽሑፍ አስቀምጡ። በሸሪዓ ያሳደጋችሁት ልጅ በውርስ ድርሻ የለውም፤ ይህ ማለት ግን ባዶ እጁን ይቅር ማለት አይደለም። በሕይወት ሳላችሁ ስጦታ ስጡት፤ እስከ ሲሶ ድረስ ወሲያ አድርጉለት። ወሲያውን በምስክር ፊት ጻፉ፣ ወንድሞቻችሁም ከአሁኑ ይወቁት።

ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት የሕግ ባለሙያም ዓሊምም ጠይቁ። የፌደራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጉዲፈቻን ልጅ እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጥረዋል፤ ይሁን እንጂ ከወለዱት ቤተሰብ ጋር ያለውን ትስስር አይቆርጥም። ስለ ስሙና ስለ ውርሱ የምትፈርሙት ምን እንደሚል ቃል በቃል ተረዱ።

ስለ ወላጆቹ የምታውቁትን ሁሉ መዝግባችሁ ያዙ፤ ስም፣ አገር፣ ፎቶ ካለ ፎቶ። ዘመድ ካለው በራችሁን አትዝጉበት። ለልጁም ነገሩን ገና ከሕፃንነቱ እንደ ተረት ንገሩት፤ «አላህ አንተን በሌላ እናት ሆድ ፈጠረህ፣ ከዚያ እኛን ጠራን» በሉት። አንድ ቀን «እናቴን ልፈልግ» ይላችኋል። ያን ዕለት ልባችሁ ይሰበር ይሆናል። አብራችሁት የምትሄዱበትን ጥንካሬ ግን ከዛሬ ጀምራችሁ አላህን ለምኑ።

ያ ወንድም ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «ከባለቤቴ ጋር እንነጋገርበት» ብሎ ሄደ። ቤቱን ይቀይር አይቀይር አላውቅም። ልጁን ግን እንዲያመጣው አጥብቄ ለምኜዋለሁ። ስሙን ይዞ ይምጣ፤ ስሙም አብሮት የመጣ አማና ነው።

አላህ ልጅ ላጡት ደስታን፣ ወላጅ ላጡት ጥላን ይስጥ። አማናን ተሸክመው ከማይጥሉት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

መልካም ጁሙዓ!