የማን ቴሌቪዥን ነው?



ውድ ወንድሜ (እህቴ፣ ላንቺም ነው)፣ ጋምቤላ ነህ እንበል። ቀኑ መሽቷል፣ ሙቀቱ ግን ገና አልበረደም። ከባሮ ድልድይ ብዙም ሳትርቅ፣ ማንጎ ጥላ ስር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠሃል። ቴሌቪዥኑ ደጅ ወጥቷል፤ ስፒከሩ ዘፈኑን ያስጮኸዋል። የመግሪብ አዛን ይጀምራል። ድምፁን የሚቀንስ የለም። ስልክህ ደግሞ አናቱ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ካላቸው ከነዚያ ሬድሚዎች አንዱ ነው፤ ሪሞት ይሆናል። ኪስህ አፍ ላይ ይዘህ አንዴ ብትነካው ቴሌቪዥኑ ጸጥ ይላል። ማንም አላየህም። በልብህም «አልሐምዱሊላህ፣ ሙንከርን በእጄ ለወጥኩ» ትላለህ።

እውነት ለውጠሃል?

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። ሁሉንም የሚከፍት ሪሞት ቤት ውስጥ እንዴት ያለ እረፍት እንደሆነ ታውቃለህ። የሪሲቨሩ ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሎም ቁጥሩ ጠፍቷል፣ የቴሌቪዥኑን ትንሹ ወንድምህ ሰብሮታል፣ የስፒከሩ የት እንደገባ አይታወቅም። ከገበያ አንዱን ትገዛለህ፤ ሁለት ባትሪ ድንጋይ ትከትበታለህ፤ ቀዩ መብራት እስኪበራ ሴት የሚለውን ተጭነህ ወደ ቴሌቪዥኑ ትይዛለህ። ሪሞቱ ውስጡ ያከማቸውን የየፋብሪካውን ኮድ አንድ በአንድ ይሞክራል። ቴሌቪዥኑ ድርግም ሲል ትለቃለህ። አለቀ። (ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ አሚር አንተ ነህ፤ እናትህ ዜና ለማየት አንተን መጥራት ይጀምራሉ። እሱም ራሱን የቻለ አማና ነው፤ አስተምራቸው እንጂ አታስለምናቸው።)

የሚልከው ብርሃን ነው። ዓይን አያየውም፤ የስልክህን ካሜራ ወደ ሪሞቱ አናት አድርገህ ብትጫን ግን ብልጭ ብልጭ ሲል ልታየው ትችላለህ። በአብዛኛው በሰከንድ 38,000 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ቴሌቪዥኑ ኮዱን ሲያገኝ ይታዘዛል፤ «አንተ ማነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ቁልፍ የለውም። ለምን እንዳልተሠራለት ሳስብ መልሱ ቀላል ይመስለኛል፦ ይህ ብርሃን ግድግዳ አያልፍም። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ አስፈቅዶ የገባ ሰው ነው። ፈቃዱ በር ላይ አልቋል ማለት ነው። ደጅ በወጣ ቴሌቪዥን፣ ክፍት በሆነ መስኮት ግን ያ ግድግዳ የለም። የቀረው ያንተ አደብ ብቻ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኑር 27ኛው አንቀጽ የሌላ ሰው ቤት ሳናስፈቅድና በነዋሪዎቹ ላይ ሰላምታ ሳናቀርብ እንዳንገባ ከልክሎናል። ስለ ዑመር (ረ.ዐ) የሚነገረውንም ሳትሰማ አትቀርም፦ ሌሊት ግንብ ዘለው ሰውየውን በመጠጥ ላይ አገኙት፤ እሱም እኔ በአንድ ነገር አምጬ ከሆነ እርስዎ በሦስት አምጸዋል፣ ሰለሉ፣ በበር አልገቡም፣ አላስፈቀዱም አላቸው ይባላል። እውነቱ ከሳቸው ጋር ነበር፤ መንገዱ ግን አልነበረም።

ይህን ፈተና የቀመስነው እኛ ብቻ አይደለንም። አሜሪካዊው ሚች አልትማን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 ቁልፍ ማንጠልጠያ የምታክል፣ ያገኘችውን ቴሌቪዥን ሁሉ የምታጠፋ ሪሞት አወጣ። ሐሳቡ ሰው ከቴሌቪዥን ጩኸት ፋታ እንዲያገኝ ነበር። በ2008 ላስ ቬጋስ በተደረገው ትልቁ የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ላይ ግን የአንድ ድረ ገጽ ጋዜጠኞች ይዘዋት ገብተው፣ ሰው ምርቱን እያስረዳ ሳለ ስክሪኑን ያጠፉበት ጀመር። ሳቁ የእነሱ ነበር፤ መድረክ ላይ የቆመው ሰው ግን እንጀራው ነው።

ወደ ሻይ ቤታችን እንመለስ። ባለቤቱ ዕቃው የተበላሸ መስሎት ገመድ ይነቅላል፣ ይሰካል። አስተናጋጇን «ምን ነካሽው?» ይላታል። ነገ ለጠጋኝ ይከፍል ይሆናል። ያቺ ልጅ የሰማችው ቁጣ ያንተ ዕዳ ነው፤ የሰው ሐቅ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በጋምቤላ ክልል ሙስሊሙ ከመቶ 5 ገደማ ነበር። ቢነቃብህ ስለ ጎረቤቶቹ ምን እንደሚያስብ ገምት። ግን ዋናው ነገር ይህ አይደለም፤ ለዘላለም ባይነቃብህም ነገሩ ያው ነው።

«ሐዲሱስ? በእጅ፣ ካልተቻለ በምላስ፣ ካልተቻለ በልብ አይልም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ይላል፤ ሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ ነው። ግን አቡ ሰዒድ አልኹድሪይ (ረ.ዐ) መቼ እንዳስተላለፈው ተመልከት። መርዋን በዒድ ቀን ኹጥባውን ከሶላት አስቀደመ። አንድ ሰው በሕዝቡ ፊት ተነስቶ፣ ሶላቱ ይቀድማል አለው። መርዋን አልተቀበለውም። አቡ ሰዒድ ግን ይህ ሰው ያለበትን ተወጣ አሉ፣ ሐዲሱንም አወሩ። ሰውየው ፊቱ ታይቷል፣ ድምፁ ተሰምቷል፣ እምቢታም ተቀብሏል። ኪስ ውስጥ የተደበቀ ጣት ከዚህ ሁሉ የቱን አደረገ? «በእጅ» የሚለውንም ዑለማዎቹ ሥልጣን ካለበት ቦታ ጋር ያያይዙታል። አባት በቤቱ፣ ባለሱቅ በሱቁ። አንተ በዚያ ሻይ ቤት ያለህ ሥልጣን የከፈልክባት ብርጭቆ ሻይ ናት።

ሌላም አለ። ባለቤቱ ራሱ ለአዛኑ ብሎ ድምፁን ቢቀንስ፣ ያ የእሱ መልካም ሥራ ነው፤ ለጎረቤቱ ያሳየው ክብር ነው። አንተ በስውር ስታጠፋው ግን ቴሌቪዥኑ ዝም አለ እንጂ መልካም የሠራ ሰው የለም። የመስማማትን ዕድል ቀምተኸዋል፤ የእምቢታንም።

ስለዚህ ስልኩን ኪስህ መልሰው። ተነስና ሂድ። «ጋሼ፣ አዛኑ እስኪያልቅ ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉልን?» በላቸው። አፍህ ሊደርቅ ይችላል፤ ጣት ከማንቀሳቀስ ይከብዳል። ምናልባት «እሺ ልጄ» ይሉሃል፤ ነገ ሳትጠይቅም ይቀንሱልህ ይሆናል። እምቢ ካሉህስ? የሻይህን ከፍለህ ትነሳለህ። መግሪብ ደርሷል።