ቃሉን የሰሙ፣ ምሥጢሩን ያልሰሙ ምስክሮች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ግነት የሚባሉትን የዘይቤ ስሞች በአማርኛ ትምህርት ለፈተና ብለን እናጠናቸዋለን፤ ፈተናው ሲያልፍ እንረሳቸዋለን። ነገር ግን እነዚህን ሳይለዩ ወንጌልን ማንበብ ከስሕተት ላይ ይጥላል።

ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ለስብከት ሲልክ በብልኅነት እንደ እባብ፣ በየዋህነት እንደ ርግብ እንዲሆኑ አዘዛቸው (ማቴ. 10፥16)። «እንደ» ብሎ ስላመሳሰለ ይህ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው። ሄሮድስን ግን «እንደ» ሳይል ቀበሮ ብሎታል (ሉቃ. 13፥32)፤ ይህ ተለዋጭ ዘይቤ ነው። የወንድሙን ዓይን ጉድፍ የሚያይ ሰው በገዛ ዓይኑ ምሰሶ አለበት ማለቱ (ማቴ. 7፥3) ደግሞ ግነት ነው። ምሰሶ ከዓይን አይገባም፤ የራሳችን በደል እንዲታየን ግን ነገሩን አጎላው።

የቅኔ መምህሮቻችን የላይኛውን ቃል ሰም፣ የውስጡን ምሥጢር ወርቅ ይሉታል። ሰሙን ይዞ ወርቁን መጣል ምን እንደሚያመጣ እንመልከት። ጌታ በኢየሩሳሌም፣ አይሁድ ይህን ቤተ መቅደስ ቢያፈርሱት በሦስት ቀን እንደሚያነሣው ተናገረ። እነርሱ በ46 ዓመት የተሠራውን ሕንፃ አሰቡ፤ እርሱ ግን የተናገረው ስለ ሰውነቱ ነበር (ዮሐ. 2፥19-21)። ነገሩ በዚህ አልቆመም። በሊቀ ካህናቱ ሸንጎ ሁለት የሐሰት ምስክሮች ቀርበው፣ አፍራሹ እርሱ ራሱ እንደ ሆነ አድርገው ያንኑ ቃል ለክስ አዋሉት (ማቴ. 26፥60-61)።

እኛስ? የሰባኪን ምሳሌ በግማሽ ሰምተን «እገሌ እንዲህ አለ» ስንል፣ ጓደኛችን በምፀት የተናገረውን እንደ እውነት ለሌላው ስናደርስ፣ ከእነዚያ ምስክሮች በምን እንለያለን?

ግልጹን ትእዛዝ «ምሳሌ ነው» ብሎ ማምለጥም አይገባም። ናታን ስለ ድሃው ሰው በግ ለዳዊት የነገረው ምሳሌ ነበር (2ኛ ሳሙ. 12፥1-7)፤ የዳዊት ኃጢአት ግን ምሳሌ አልነበረም። ምሳሌው የተነገረው በራሱ ላይ እንዲፈርድ ነው። የበደለንን ይቅር እንድንል የታዘዝነውም በሰምና ወርቅ አይደለም።

ስለዚህ ስናነብ ቃሉ ለማን፣ በምን ምክንያት፣ በየትኛው ዘይቤ እንደ ተነገረ እንመርምር። ያልገባንን «አንድም» እያሉ የሚያመሠጥሩትን መምህራን እንጠይቅ። እስከዚያው ሳይረዱ ከመመስከር ዝም ማለት ይሻላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።