ዓይን ሲያነብ ልብ ወዴት ነው?

ማንበብ ማለት የተጻፈውን ፊደል በዓይን መከተል ብቻ አለመሆኑን በንባብ ቤት ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል። ሕፃኑ ፊደል ቈጥሮ፥ አቡጊዳውን አጥንቶ ወደ መልእክተ ዮሐንስ በደረሰ ጊዜ ያንኑ ገጽ በግእዝ፥ ከዚያም በውርድ ንባብ፥ ከዚያም በቁም ንባብ ደጋግሞ ይመላለስበታል እንጂ አንድ ጊዜ አይቶት አያልፍም። ተነሹን ቢጥል፥ ወዳቂውን ቢያነሣ፥ የሚጠብቀውን ቢያላላ መምህሩ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ወደ ዳዊት ይገባል። ይህ ሥርዓት ለድምፅ ማማር ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ቢኖር ነገሩን ከውጭ ብቻ አይቶታል፤ አባቶቻችን በዚህ መንገድ ከፊደሉ ጋር አብረው ያስተማሩት በአንድ ስፍራ ረግቶ መቀመጥን ነውና፤ ይኸውም ዓይን በሚገኝበት ስፍራ ልብም እንዲገኝ ማድረግ ነው።

በዘመናችን ግን ይህ መርጋት በብርቱ ተፈትኗል። ካህኑም ምእመኑም፥ ተማሪውም ነጋዴውም የእጅ ስልኩን ይዞ ይውላል፤ ይዞትም ያድራል። መጽሐፍ የገለጠ ሰው ሁለት አንቀጽ ሳይፈጽም እጁ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ማን ጠራው ብለን ብንጠይቅ ብዙ ጊዜ የጠራው የለም። መልእክት መጥቶ እንደ ሆነ ሊያይ ይከፍታል፤ መልእክት ባያገኝም ሥዕል ያያል፤ ከሥዕሉ ወደ ወሬ፥ ከወሬው ወደ ክርክር፥ ከክርክሩ ወደ ሣቅ ይሻገራል፤ መጽሐፉም ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ተገለጠ በጉልበቱ ላይ ይቆያል። እንግዲህ ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው የልብ መበተን የሥጋ ድካም ብቻ ነውን? ወይስ በንስሓ አባት ፊት ሊነገር የሚገባው በደል ነው?

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የልብ መበተን በስልክ የተጀመረ አለመሆኑ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሓ ይኖር የነበረው ኤዋግርዮስ ሐኬት የያዘውን መነኩሴ ሁኔታ ሲገልጥ፥ መነኩሴው መጽሐፉን ይዞ ተቀምጦ ሳለ ሲያዛጋ፥ ዓይኑን ሲያሽ፥ ግድግዳውን ሲመለከት፥ ጥቂት አንብቦ ደግሞ የቀረውን ቅጠል ሲቈጥር፥ የጸሓፊውን እጅ ሲነቅፍ፥ በመጨረሻም መጽሐፉን አጥፎ ትራስ አድርጎ ሲተኛ ያሳየናል። ይህን የሚያነብ የዛሬ ሰው ጎረቤቱን ያየ ይመስለዋል፤ ራሱን ያየ መሆኑን ለማወቅ ግን ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ስልክ ባይፈጠር ኖሮ ሁሉም ሰው በመጽሐፍ ላይ ተመስጦ ይኖር ነበር ማለት የዋህነት ነው።

ነገር ግን በበረሓው መነኩሴና በእኛ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በዚያ መነኩሴ በኣት ውስጥ ከመጽሐፉ እንዲነሣ ተብሎ በሰው ጥበብ የተሠራ ዕቃ አልነበረም፤ ፈተናው ከውስጡ ነበር። በእኛ እጅ ያለው ዕቃ ግን ሰውን ለማቆየት ታስቦ የተሠራ ነው። ይህንንም የሚመሰክሩት ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። አዛ ራስኪን የተባለው አሜሪካዊ ባለሙያ በ2006 (ዓመታቱን በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) ገጹ በጣት እየተገፋ መጨረሻ ሳይኖረው የሚቀጥልበትን ስልት ሠራ፤ በኋላም በዚህ ሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። የፌስቡክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበረው ሾን ፓርከርም በ2017 ሲናገር፥ እርሱና ባልንጀሮቹ ያን ሥራ ሲጀምሩ ያሰቡት የሰውን ጊዜና ልብ በተቻለ መጠን ብዙ አድርጎ መውሰድ እንደ ነበረ አልሸሸገም።

መጨረሻ የሌለው ገጽ ያልነው ነገር ቀላል እንዳይመስል ጥቂት እንቆይበት። መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፤ ቅጠሉ ያልቃል፤ አንባቢውም ቀና ብሎ ያነበበውን ያስባል። መዝሙረ ዳዊት በየዐሥሩ ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ንጉሥ ይባላል፤ የሚደግም ሰው ንጉሡን በፈጸመ ጊዜ ጥቂት ያርፋል፤ ዕረፍቱም የጸሎቱ አካል ነው። ማረፊያ የተነሣበት ንባብ ግን መብል ሳይታኘክ እንደሚዋጥ ዓይነት ነው። አንድ ሰው በስልኩ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያየውን ሁሉ ማታ ጠይቁት፤ ሦስቱን ነገር እንኳ በቅደም ተከተል ሊነግራችሁ አይችልም።

ስለዚህ ነገር ብዙ የተባለ አለ፤ ሁሉም ግን እውነት አይደለም። የዛሬ ሰው ልቡን የሚሰበስብበት ጊዜ ከወርቅማ ዓሣ ያነሰ 8 ሴኮንድ ነው የሚለው ወሬ በዐውደ ምሕረት ላይ ሳይቀር ሲነገር ይሰማል፤ ይህ መሠረት የሌለው አባባል ነውና ሰባክያን ቢተዉት እንወዳለን። እውነትን ለመደገፍ ሐሰት አያስፈልግም። የታመነው ነገር ራሱ በቂ ነው። በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ግሎሪያ ማርክ ሰዎች በሥራቸው ላይ ሳሉ ዓይናቸው በአንድ የኮምፒውተር ገጽ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ሲለኩ በ2004 ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል አገኙ፤ በ2012 ወደ 75 ሴኮንድ ወረደ፤ ከዚያም ወዲህ በተደረገው ልክ 47 ሴኮንድ ያህል ሆነ። ደግሞም በ2018 የስፔን አገር መምህራን ከባልደረቦቻቸው ጋር 54 ጥናቶችን ሰብስበው፥ ከ170,000 በላይ የሚሆኑ አንባብያንን ውጤት ቢያመዛዝኑ፥ ትምህርታዊውን ጽሑፍ ከወረቀት ያነበበው ከመስተዋት ካነበበው ይልቅ በተሻለ እንደሚያስተውል፥ ይልቁንም ጊዜ በጠበበ ጊዜ ልዩነቱ እንደሚጎላ አገኙ። በተረትና በታሪክ ንባብ ላይ ግን ይህ ልዩነት አልታየም። እነዚህ ቍጥሮች የሚናገሩት ስለ ልማድ እንጂ ስለ ተፈጥሮ ችሎታ መጥፋት አይደለም፤ በልማድ የሄደውም በልማድ ሊመለስ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ የማያውቅ ከአንባብያን መካከል የለም። ይህ ሰው የንግሥቲቱ የገንዘብ ሹም ነው፤ በዛሬ ቋንቋ ብንናገር ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው በረሓ በሠረገላ ሲሄድ ነቢዩ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፤ ፊልጶስ ስለ ሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ እንደ ነበረ እናውቃለን። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ጃንደረባው የሚያነበው ቃል አልገባውም ነበር። ይህንንም ሲጠየቅ ሳያፍር ተናግሯል። ባይገባውም ግን መጽሐፉን አላጠፈውም፤ ፀሐዩም የመንገዱም መናወጥ ምክንያት አልሆነውም። በማይገባው ቃል ላይ ስለ ቆየ መምህሩ ደረሰለት፤ ከዚያም ውኃው፥ ከዚያም ጥምቀቱ ተከተለ።

በእኛና በጃንደረባው መካከል ያለው ፈተና በዚህች በማትገባው ቃል ላይ ነው። ንባብ እስከ ቀለለ ድረስ ማንም ያነባል። ቃሉ ጠንክሮ፥ ትርጓሜው ተሰውሮ፥ አእምሮ መድከም ሲጀምር ግን ያን ጊዜ እጅ ወደ ስልክ ይዘረጋል። አሳዛኙ ነገር ይህ ነው፤ የምንሸሽበት ሰዓት ትምህርቱ ሊጀምር የተቃረበበት ሰዓት ነው። የመጻሕፍት ቤት መምህራን አንዱን ቃል ይዘው አንድም እያሉ ሁለተኛውን፥ ሦስተኛውን ምሥጢር ሲያወጡ፥ ደቀ መዝሙሩ የመጀመሪያው ትርጓሜ እንዳይበቃው፥ ከበሩ ላይ እንዳይመለስ እያስለመዱት ነው። የቅኔ ተማሪም ቅኔ ሲቈጥር ከዛፍ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ተቀምጦ፥ ባልመጣለት ቤት ላይ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ለሚያየው ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል። ያ ዝምታ ግን ሥራው ነው። በየደቂቃው ስልኩን የሚያይ ሰው ይህን ዝምታ ገና ሳይጀምረው ያፈርሰዋል፤ ስለዚህም ወሬ ያከማቻል እንጂ ምሥጢር አይደርስለትም።

የጀመርነውን ጥያቄ ለመመለስ ወደ ጌቴሴማኒ እንሂድ። ጌታችን በዚያች ሌሊት ከሦስቱ ደቀ መዛሙርት የለመነው ሰይፍ አይደለም፤ ገንዘብም አይደለም፤ ከእርሱ ጋር ነቅተው እንዲቆዩ ብቻ ነበር፤ ያውም አንድ ሰዓት። ተኝተው ባገኛቸው ጊዜ ነቀፋቸው፤ የሥጋቸውንም ድካም ራሱ ተናገረላቸው። እንግዲህ አንዱን ብቻ ምረጡ የሚለን ማነው? የልብ መበተን ድካምም ነው፥ በደልም ነው። አሳብ ሳይጠራ ሲመጣ፥ እጅም ሳያውቅ ሲዘረጋ ድካም ነው፤ ሰው ይህን አውቆ፥ መንገዱን ሊዘጋ እየቻለ ከፍቶ ቢተወው ግን በሐልዮ የጀመረው ወደ ገቢር ደርሷል። ወጥመዱን የሠሩት ሰዎች ድርሻ አላቸው፤ ለሌላው ዕንቅፋት ማኖር ቀላል አይደለምና። የእነርሱ ዕዳ ግን የእኛን አይከፍልልንም።

በፍርዳችንም ሚዛን ይኑረን። ሥራ አጥቶ ቀኑ የረዘመበት ወጣት፥ ስልኩ ብቸኛ መጽናኛው ቢሆን፥ እንጀራ በቤቱ ሞልቶ ልቡን ከሚበትነው ሰው እኩል አይወቀስም። ይልቁንም በደሉ ጎልቶ የሚታየው በባልንጀራ ላይ ሲደርስ ነው። እናት ስለ ሕመሟ ስትነግረው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ እሺ እሺ የሚል ልጅ፥ ምን እንደ ተባለ ቢጠየቅ አያውቅም። ኀጢአቱን ለመናዘዝ የመጣ ሰው ቃሉን ሲጀምር የንስሓ አባቱ ስልክ ቢጮኽና አባቱ አንሥቶ ቢመለከት፥ ያ ሰው የቀረውን ይዋጠዋል፤ ምናልባትም ለብዙ ዓመት አይናገረውም። እንግዲህ ልብን መስጠት የምሁራን ነገር ብቻ አይደለም፤ ለሌላው የምንከፍለው ዕዳ ነው።

በስልክ የሚገኝ በጎ ነገር የለምን? የሚል ይነሣ ይሆናል። አለ፤ ብዙም ነው። በዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የምትኖር እኅታችን፥ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ባልተፈቀደላት ቀን ውዳሴ ማርያሟን ከስልኳ ታደርሳለች፤ ይህን የሚነቅፍ ልብ የለንም። ከ1973 ጀምሮ ፎቶግራፍ የተነሡት በሺህ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍቶቻችን ብዙዎቹ ዛሬ በሩቅ ላለ ተመራማሪ በመረብ ላይ ይነበባሉ። ዕቃው ክፉ ነው አላልንም። ነገር ግን ዳዊቱ፥ ወሬውና ክርክሩ በአንድ መስተዋት ውስጥ ጎረቤት ሆነው ተቀምጠዋል፤ እኅታችንም ጸሎቷን ስትጀምር በዚያው ገጽ አናት ላይ የሌላው መልእክት ብቅ ይላል። ብራና በዳዊት መካከል ሌላ ነገር አያመጣም።

የነገሩ ሌላ ፊት መምህራንን ይመለከታል። ዛሬ የአንድ ሰዓት ስብከት በአንድ ደቂቃ ተቈርጦ በቲክ ቶክና በፌስቡክ ይሠራጫል። ቈራጩ የሚመርጠው ትርጓሜውን ሳይሆን የሚያስቀውን ወይም የሚያስቈጣውን ነው። ይህን ያየ ሰባኪ ቀስ በቀስ ለሚሰማው ጉባኤ መናገሩን ትቶ ለሚቈረጠው ደቂቃ መናገር ይለምዳል። የአንድ ደቂቃ ቃል ሰውን ሊጠራ ይችላል፤ ሊያስተምረው ግን አይችልም፤ ተጠርቶ የመጣውም ሰው ጉባኤ ካልተዘረጋለት ወደ ሌላው ደቂቃ ያልፋል። በነህምያ መጽሐፍ ሕዝቡ ሕጉ ሲነበብ ከንጋት እስከ እኩለ ቀን በጆሮው ተከትሏል፤ ያን ሕዝብ ያቆመው ዕዝራ ንባቡን ስላሳጠረለት አይደለም።

ስለ መድኃኒቱ ረጅም መናገር አያስፈልግም፤ አብዛኛው በእጃችን ነው። የንባብ ሰዓት ይወሰን፤ በዚያ ሰዓት ስልኩ ከክፍሉ ይውጣ፤ የዕለቱን ስንክሳር ከቤተ ሰቡ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ድምፅ ዓይንን ከመዝለል ይከለክለዋልና። ልጅን ስልክ ነሥቶ ባዶ እጁን ከመተው ይልቅ አጠገቡ ተቀምጦ ማንበብ ይበልጣል። ለንስሓ አባቶች ደግሞ የምናቀርበው አሳብ አለን። ልቡ የተበተነበትን ወጣት በአንድ ቀን ሠላሳ መዝሙር ድገም ብሎ መስጠት፥ ሠላሳውን በሩጫ እንዲያልፍ ማድረግ ሊሆን ይችላል። አንድ መዝሙር ይሰጠው፤ ቆሞ፥ በቁም ንባብ፥ ሦስት ጊዜ ያንብበው። በሚቀጥለው ሳምንት በመጣ ጊዜም ስንት መዝሙር ደገምህ ተብሎ ሳይሆን፥ በአንዱ መዝሙር መካከል ስንት ጊዜ ተነሣህ ተብሎ ይጠየቅ።