የሠላሳ አምስት ፍራንክ ምስጢር

ሰሞኑን በአማርኛ «መከረኞቹ» ተብሎ የተተረጎመውን የፈረንሳዊውን የቪክቶር ሁጎን ልብ ወለድ ደግሜ አነበብኩ። መጽሐፉ የታተመው በ1862 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ያነሳኋት ሴት ታሪክ ግን ከዚያ አርባ ዓመት ያህል ይቀድማል። ፋንቲን የምትባል ድሃ ከጋብቻ ውጭ የወለደቻትን ልጅ ለአሳዳጊ ሰጥታ፣ ምስጢሯን ደብቃ ፋብሪካ ተቀጠረች። አንዲት «ጨዋ» ባልቴት ደብዳቤ እያስጻፈች መላኳን ሰማች። ሠላሳ አምስት ፍራንክ ከኪሷ አውጥታ ልጅቷ እስካለችበት ተጓዘችና ጉዱን ይዛ ተመለሰች። ፋንቲን ከሥራ ተባረረች፤ ለልጇ ስትል ፀጉሯን፣ ቀጥሎ የፊት ጥርሶቿን፣ በመጨረሻም ገላዋን ሸጠች።

አባትየውስ? ገንዘብ ያለው ተማሪ ነበር፤ ትቷት ሄደ። ኋላ ባለጸጋ ጠበቃ ሆነ፤ ለፍርድ ሲቀመጥም እጅግ ጥብቅ እንደ ነበር ደራሲው ይነግረናል። የእርሱን ምስጢር ለማውጣት አንድ ፍራንክ ያወጣ ሰው የለም!

ዝሙት ሐራም ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ግን ያቺ ባልቴት በእርግጥ ለሥነ ምግባር ቆማ ነበርን? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 49፡12 ከጥርጣሬ እንድንርቅና የሰውን ነውር እንዳንከታተል አዞናል። ነውር የለም አላለንም፤ ቆፍራችሁ አታውጡ ነው ያለን።

ከዓመታት በፊት ቤታችን ታገለግል የነበረች ልጅ ገጠር የደበቀችው ልጅ እንዳላት ጎረቤት ሹክ አለን። «አታለለችን» ብለን በማግስቱ አሰናበትናት። ሕፃኑን ከእንግዲህ ማን ያበላዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።